በአዞ ማርቢያ ስፍራ ሙቀትንና እርጥበትን ስለ መለካትና ስለ መመዝገብ

በሬ ወይም በግ የሚያረባ ሰው ስለ ብርድና ስለ ሙቀት አብዝቶ ሲጨነቅ አይታይም። ምክንያቱም እነዚህ እንስሳት ሙቀታቸውን ከሚበሉት መኖ ራሳቸው ስለሚያወጡ፤ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ቢግልም ሰውነታቸው ባንድ ልክ ይቈያል። አዞ፣ ዔሊ፣ እንሽላሊትና እባብ ግን እንዲህ አይደሉም። እነዚህ ተሳቢ እንስሳት ሙቀታቸውን የሚያገኙት ከፀሐይ፣ ከአሸዋና ከውሃ ነው። ስፍራው ሲሞቅ ይሞቃሉ፤ ስፍራው ሲበርድ ይበርዳሉ፤ ሲበርዱም መብላታቸውና ማደጋቸው ይቆማል። ስለዚህ ለበሬ መኖውን እንደምንሰፍርለት ሁሉ በግቢ ለተዘጋ አዞ ሙቀቱንና እርጥበቱን ልንሰፍርለት ይገባል። የምንሰፍርበትም ቁና ሙቀት መለኪያና እርጥበት መለኪያ የሚባሉት ሁለቱ መሣሪያዎች ናቸው።

የተከበራችሁ አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለመሬቶች ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት የአዞን እርባታ ጥበብ ከሥር መሠረቱ ላስተምር ብዬ አይደለም። ያ ሥራ የእንስሳት ሐኪሞችና የእርባታ ባለሙያዎች ነው። እኔ በመሥሪያ ቤት ተቀምጬ ከየወረዳው የሚመጣውን የቍጥር ወረቀት ስገለብጥና ስደምር ዕድሜዬን ያጋመስሁ ጸሓፊ ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ስለማውቀው ነገር፤ ማለት ስለ ቍጥርና ስለ መዝገብ ነው። ሐሳቤም ይህ ነው፤ መለኪያ መግዛት ብቻውን አይበቃም። የመለኪያው ቍጥር በየቀኑ በእውነት ካልተጻፈ፤ የተጻፈውም በኃላፊው ካልተነበበ፤ መለኪያው በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነው። ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። ሹሙ መልካም ቍጥር ብቻ ማየት የሚወድ የሆነ እንደ ሆነ፤ መዝገቡ ራሱ ጥፋትን የሚሸፍን መጋረጃ ይሆናል።

በአገራችን ይህ ነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው አርባ ምንጭን ነው። በዚያ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አባያና ጫሞ የሚባሉት ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤት ሆነው ተኝተዋል፤ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ከፍታ ይለያቸዋል። በጫሞ ዳር አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበትን ስፍራ ሕዝቡ አዞ ገበያ ይለዋል። በአባያ ዳር ደግሞ በእኛ አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት የአዞ ማርቢያ ተቋቁሟል። የእንዲህ ያለው ማርቢያ ሥራ ከሐይቅ የተሰበሰበውን እንቍላልና ጫጩት በሰው ጥበቃ አሳድጎ ለቆዳ ንግድ ማድረስና ለጎብኚ ማሳየት ነው። የአዞ ቆዳ ንግድም እንደ በግ ቆዳ እንዳገኙ የሚሸጡት አይደለም፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 በዋሽንግተን ከተማ በተፈረመው ስለ ዱር እንስሳት ንግድ በወጣው ስምምነት ቍጥጥር ሥር ነው።

ከሐይቅ ዳር እንቍላል የምንወስድበት ምክንያት ይታወቃል። በዱር ከሚፈለፈለው የአዞ ጫጩት አብዛኛውን አርጃኖው፣ ወፉና ዓሣው ይበሉታል፤ ለአካለ መጠን የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሰው ከጠበቀው ግን ብዙው ይድናል ተብሎ ይታሰባል። ይህ አሳብ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚቆመው በእርግጥ ያዳንነው እንደ ሆነ ብቻ ነው። ከሐይቅ ወስደን በግቢያችን የገደልነው እንቍላል ለሐይቁም አልሆነ፤ ለእኛም አልሆነ። ስለዚህ ከጎጆው የሚነሣው እያንዳንዱ እንቍላል የአገር አደራ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አሁን ስለ እንቍላሉ ነገር እንናገር። በአገራችን ሐይቆች የሚኖረው የናይል አዞ የሚባለው ነው። እናቲቱ በውሃ አጠገብ በአሸዋ ወይም በለሰለሰ አፈር ጉድጓድ ቈፍራ ትጥላለች፤ ባንድ ጊዜም 50 ያህል፤ አንዳንዴም ከዚያ የሚያንስ ወይም የሚበልጥ እንቍላል ይገኛል። ከዚያ በኋላ አፈሩን መልሳ ሦስት ወር ያህል በአጠገቡ ትጠብቃለች። እንደ ዶሮ አትታቀፍም፤ የሚያሞቀው አሸዋው ነው። ጫጩቶቹ በውስጥ ሆነው ሲጮኹ ሰምታ ጉድጓዱን ትከፍትላቸዋለች።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙ ሰው ሲሰማው የሚደነቅበት ነው። በሰውና በከብት ወንድነትና ሴትነት የሚወሰነው በፅንሱ መጀመሪያ ነው። በአዞ ዘንድ ግን የሚወስነው እንቍላሉ የተቀበረበት ስፍራ ሙቀት ነው። እንቍላሉ በ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በታች የቈየ እንደ ሆነ የሚፈለፈሉት ሴቶች ናቸው። ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ባለው ሙቀት የቈየ እንደ ሆነ ወንዶች ይበዛሉ። ከዚያም በላይ ሲሞቅ እንደገና ሴቶች ይመጣሉ። ከ28 ዲግሪ በታች ሲወርድ ወይም ከ35 ሲያልፍና በዚያው ሲቈይ ብዙው ፅንስ ይሞታል፤ የተረፈውም አካሉ ጎድሎ ይወጣል። ይህ ውሳኔ የሚፈጸመው በመካከለኛው ጊዜ፤ ማለት ሦስቱን ወር በሦስት ብንከፍለው በሁለተኛው ወር ገደማ ነው።

ሙቀት በተሳቢ እንስሳት ጾታ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን እንዳለው አስቀድማ ያስታወቀች በሴኔጋል አገር በዳካር ስትመራመር የነበረች ማድሌን ሻርኒዬ የምትባል ሊቅ ናት። ዘመኑም በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1966 ነው፤ የመረመረችውም በአፍሪካ በየግንቡ ላይ የሚታየውን እንሽላሊት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያው ነገር በዔሊና በአዞ ዘንድ ተገኝቷል፤ ሥርዓቱ ግን በየወገኑ ይለያያል። በባሕር ዔሊ ዘንድ ሞቃቱ አሸዋ ሴት፤ ቀዝቃዛው ወንድ ያወጣል። በአዞ ዘንድ ግን ከላይ እንዳልነው ወንዱ በመካከል ነው።

እንግዲህ ይህን አስተውሉ። ሴት ሁሉ በሚፈለፈልበትና ወንድ በሚበዛበት ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በእጅ ዳስሶ ይህን ሊለይ የሚችል ሰው የለም። ሁለት ዲግሪ የሚሳሳት ሙቀት መለኪያ ያለው ሰውም ሠላሳ አንድ ብሎ ሲጽፍ ሠላሳ ሦስት፤ ሴት አገኛለሁ ሲል ወንድ ይቀበላል። ስለዚህ በሌላ ሥራ ትንሽ የሚባል ስሕተት በዚህ ሥራ የአንድ ዓመት ፍሬ ሙሉውን ያዛባል።

እርጥበትም እንደዚሁ ነው። የአዞ እንቍላል ቅርፊት አየርና ውሃ የሚያሳልፍ ነው። በዙሪያው ያለው አየር ደረቅ የሆነ እንደ ሆነ እንቍላሉ ውሃውን እያጣ ይቀንሳል፤ ፅንሱም ደርቆ ይሞታል። ስለዚህ በመፈልፈያው ውስጥ እርጥበቱ ከመቶ 90 እንዳያንስ ይጠበቃል። ይሁን እንጂ እርጥበት ማለት ውሃ ማጥለቅለቅ ማለት አይደለም። አሸዋው በውሃ የተሞላ እንደ ሆነ እንቍላሉ መተንፈሻ አጥቶ ይታፈናል፤ አየር በማይገባበት ስፍራም ሻጋታ ይወጣበታል። እርጥብ አሸዋ እንጂ ጭቃ አይደለም የሚፈለገው።

ስለ ማጓጓዙም አንድ ነገር ልጨምር። የዶሮ እንቍላል በየቀኑ ይገለበጣል፤ የአዞ እንቍላል ግን ከተጣለ አንድ ቀን ያህል ከሆነው በኋላ መገልበጥ የለበትም። ፅንሱ በላይኛው የቅርፊት ክፍል ስለሚጣበቅ ሲገለብጡት ይሞታል። ስለዚህ ሰብሳቢው ገና ከጎጆው ሳያነሣው በላዩ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ በሣጥን ውስጥም ከገዛ አሸዋው ጋር እንደ ነበረ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከማንሣቱ በፊትም የጎጆውን ሙቀት በእንቍላሉ ጥልቀት ለክቶ ቢጽፍ ለኋላው ትልቅ መሪ ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በእግሩ የሚሄደው ግን በመንገድ ያልተንገላታው ነው።

ከተፈለፈለ በኋላ ደግሞ የግቢው ሙቀት ይመጣል። ጫጩት አዞ ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ባለው ውሃና አየር መልካም ሆኖ ይበላል፤ ያድጋልም። ከ25 ዲግሪ በታች ሲሆን መብላት ይተዋል፤ አስቀድሞ የበላውም በሆዱ ሳይፈጭ ይቀራል፤ በሽታም በቀላሉ ያገኘዋል። አርባ ምንጭ በቀን ሞቃት ቢሆንም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ሌሊቱ ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በቀን ስምንት ሰዓት መጥቶ የሚጎበኝ ሹም ላቡን እየጠረገ «ይህ ስፍራ ምን ሙቀት ያንሰዋል» ብሎ ይመለሳል። ጫጩቱን የሚጎዳው ግን ሹሙ ተኝቶ ሳለ ጎሕ ሊቀድ ሲል ያለው ብርድ ነው። ከመጠን ያለፈ ሙቀትም እንደዚሁ ይጎዳል፤ ጥላና ጥልቅ ውሃ የሌለበት ግቢ በቀትር ጊዜ አዞውን ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ግቢው ሞቃት ወገንና ቀዝቃዛ ወገን ሊኖረው ይገባል፤ እንስሳው የሚስማማውን እንዲመርጥ።

ስለ መለኪያው አጠቃቀም ጥቂት ልናገር፤ በዚህ ብዙ ስሕተት ይታያልና። ሙቀት መለኪያን በፀሐይ ፊት መስቀል የአየሩን ሳይሆን ፀሐይ የመታውን የመስታወቱን ሙቀት መለካት ነው። በሰው ቁመት ልክ መስቀልም ሰውን እንጂ በምድር የሚተኛውን አዞ አያገለግልም። መለኪያው በጥላ፤ እንስሳው ባለበት ቁመት፤ አንዱ በሞቃቱ ወገን አንዱ በቀዝቃዛው ወገን፤ ሦስተኛውም በውሃው ውስጥ መሆን አለበት። በመፈልፈያውም ጫፉ ከእንቍላሉ አጠገብ በአሸዋው ውስጥ ይቀበራል። ሌሊቱን ነቅቶ የሚያይ ሰው ባይገኝ፤ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሙቀት ምልክት አድርጎ የሚያቈይ መለኪያ አለ። ይህንን ያወጣው ጄምስ ሲክስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ጽሑፉም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1782 ለንጉሣዊው የሎንዶን ማኅበር ቀርቦለታል። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ጧት ሲያዩት ሌሊቱ እንዴት እንዳደረ ይናገራል።

እርጥበትን ለመለካት ውድ መሣሪያ የሌለው ሰው ሁለት እኩል የሆኑ ሙቀት መለኪያዎችን ጎን ለጎን ይስቀል፤ የአንዱንም ጫፍ በንጹሕ ሻሽ ጠቅልሎ ውሃ እንዲጠጣ ያድርግ። ውሃው ሲተን እርጥቡን መለኪያ ያቀዘቅዘዋል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል፤ እርጥብ ሲሆን ይጠባል። ለምሳሌ ደረቁ 32 እርጥቡ 31 ቢያሳይ እርጥበቱ ከመቶ 93 ገደማ ነው፤ ደረቁ 30 እርጥቡ 25 ቢያሳይ ግን ከመቶ 67 ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱን ወደ እርጥበት የሚመልስ ሠንጠረዥ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ማንበብ የሚችል ጠባቂ ሁሉ ይሠራበታል።

መለኪያውም ራሱ መፈተን አለበት። ሙቀት መለኪያ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ሲገባ ዜሮ ማሳየት ይገባዋል። በሚፈላ ውሃ የሚፈትን ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ በደጋ አገር ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለምና፤ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፤ በአርባ ምንጭ በ96 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ሳያውቅ ደኅናውን መለኪያ ተበላሽቷል ብሎ የሚጥል ይኖራል። እርጥበት መለኪያን ለመፈተን ደግሞ የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ አርሶ፤ ከመለኪያው ጋር በሚገባ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ማሳደር ነው፤ በማግሥቱ 75 ገደማ ማሳየት አለበት። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠሩና በስልክ የሚያስጠነቅቁ መለኪያዎች መጥተዋል፤ መልካም ናቸው። ነገር ግን ባትሪያቸው ያልቃል፤ ብዙ እርጥበት ባለበት ስፍራም ሲቈዩ ይሳሳታሉ፤ ስለዚህ ፈተናው ለእነርሱም አይቀርላቸውም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት ገና ጀማሪ ጸሓፊ ሳለሁ ከአንድ የዶሮ ጫጩት መፈልፈያ ስፍራ የሚመጣውን ወረቀት እገለብጥ ነበር፤ የስፍራውን ስም መጥራት ለአንባቢ አይጠቅምም። የዶሮ እንቍላል በ21 ቀን ይፈለፈላል፤ መለኪያውም በቀን ሦስት ጊዜ ይነበባል። ባንዱ ወረቀት ስድሳ ሦስቱም ቍጥሮች 37 ከግማሽ ሆነው መጡ። እኔም ደስ ብሎኝ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥሁት፤ በግርጌውም ለአለቃዬ «አያያዛቸው እጅግ የተስተካከለ ነው» የሚል ቃል ጨመርሁበት። ጥቂት ቀን ቈይቶ ከእንቍላሉ የሚበዛው ሳይፈለፈል መቅረቱ ተሰማ። ቢመረመር በመለኪያው መስታወት ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ተቈርጦ በአንድ ስፍራ ተጣብቆ ኖሯል። መለኪያው ቀንና ሌሊት አንድ ቍጥር ያሳይ ነበር፤ ጠባቂውም ያንኑ ይጽፍ ነበር።

ጠባቂው ሲጠየቅ የመለሰው ቃል እስከ ዛሬ አይረሳኝም። መበላሸቱን ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጠርጥሯል። ነገር ግን ከእርሱ በፊት የነበረው ጠባቂ መለኪያ ተሰበረ ብሎ ቢያስታውቅ ዋጋው ከደመወዙ ተቈርጦበት ስለ ነበር እርሱ ዝም አለ። እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? ጠባቂው ፈራ፤ አለቃው አስፈራ፤ እኔ ደግሞ ስድሳ ሦስት ጊዜ የማይለወጥ ቍጥር እያየሁ እንዴት እንደማይለወጥ ሳልጠይቅ አመሰገንሁ። ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲበርድ፤ በር ሲከፈት ሲዘጋ፤ ቍጥር ጥቂት ከፍና ዝቅ ማለቱ የተፈጥሮ ነገር ነው። የማይነቃነቅ ቍጥር የትጋት ሳይሆን የተሰበረ መለኪያ ወይም የተዘጋ ዓይን ምልክት ነው።

ይህ ነገር በዶሮ ሲደርስ ጥፋቱ በ21 ቀን ይታያል፤ ሰውም ይማርበታል። በአዞ ሲደርስ ግን ጥፋቱ ይሰወራል። ሙቀቱ በሁለት ዲግሪ ቢሳሳትም ጫጩቶቹ በደኅና ይፈለፈላሉ፤ ሕዝቡም ደስ ይለዋል። ወንድና ሴታቸው ገና በዓይን አይለይምና ማንም ምንም አያውቅም። ዓመታት አልፈው፤ ለዘር ሊያቈዩአቸው ወይም ጥቂቶቹን ወደ ሐይቅ ሊመልሱ ሲያስቡ፤ ሁሉም ባንድ ጾታ ሆነው ይገኛሉ። አዞ ለመውለድ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታልና ይህን ስሕተት ለማረም የሚያስፈልገው ጊዜ የአንድ ሹም የሥራ ዘመን የሚያልፍ ነው። በዚያን ጊዜ ያ ጠባቂ የለም፤ ያ ሹም ተዛውሯል፤ የሚመሰክረው መዝገቡ ብቻ ነው። መዝገቡ ሐሰት ከሆነ ደግሞ ተከታዩ ሹም ያንኑ ስሕተት በዚያው ስፍራ ይደግመዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው።

ስለዚህ ለእናንተ የማቀርበው ዋና ልመና ይህ ነው። ክፉ ቍጥር ይዞ የመጣውን ጠባቂ አትቈጡት። «ሌሊት ሙቀቱ 19 ዲግሪ ደረሰ፤ ሦስት ጫጩት አልበላም» ብሎ የጻፈ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ታማኙ እርሱ ነው። በዚያ ቍጥር ምክንያት ጣራው ይጠገናል፤ ማሞቂያው ይፈተሻል። የሚገባው ተግሣጽ ክፉ ቍጥር ለጻፈ ሳይሆን ቍጥር ሳያይ ለጻፈ ነው። ሹሙ የሚወደውን እንጂ መለኪያው ያሳየውን የማይጽፍ ጠባቂ የሚፈጠረው በሹሙ ፊት ነው፤ የፊታችን ኩርፊያ ከመሣሪያ ብልሽት የበለጠ እንቍላል ይገድላል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች የሚያነሡትን ክርክር ሳልመልስ ማለፍ አልወድም። ፊተኛው፤ «አዞ ከጥንት ጀምሮ ያለ ሙቀት መለኪያ ሲኖር አልነበረምን?» የሚለው ነው። እውነት ነው ኖሯል። ነገር ግን በሐይቅ ያለው አዞ ጧት ወደ አሸዋው ይወጣል፤ በቀትር ወደ ጥላው ወይም ወደ ውሃው ይገባል፤ ማታም በሞቀው ውሃ ያድራል። እናቲቱም የጎጆዋን ስፍራ ራሷ ትመርጣለች። መለኪያው በሰውነቱ ውስጥ ነው፤ እግሩም ነጻ ነው። እኛ ግን አጥር አጥረን ምርጫውን ወሰድንበት። ምርጫውን የወሰደ ሰው ዕዳውንም መውሰዱ ነው፤ አዞው ሊያደርግ ይችል የነበረውን ስለ እርሱ ልናደርግለት ግድ ነው። በረት የማይዘጋበት ዱር ሌላ፤ በረት ሌላ።

ሁለተኛው፤ «ልምድ ያለው ጠባቂ በዓይኑ ያውቃል» የሚለው ነው። የልምድን ዋጋ አልንቅም። በሐይቆቹ ዳር የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች አዞ የሚጥልበትን ዳርቻና ወራቱን ያውቃሉ፤ ጥሩ ጠባቂም እንስሳው ሲደክም ከአተኛኘቱ ይለያል። ነገር ግን በሰው ራስ ያለ ዕውቀት ሰውዬው ሲሞት ወይም ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። በመዝገብ ሲጻፍ ግን ለተከታዩ ይቀራል። መለኪያ የጠባቂውን ዕውቀት የሚሽር ሳይሆን የሚያጸናው ነው። ሦስተኛው የገንዘብ ክርክር ነው፤ ለዚህ ብዙ ቃል አያስፈልግም። አንድ መለኪያ፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ከአንድ የአዞ ቆዳ ዋጋ አይበልጡም።

እንግዲህ የአዞ ማርቢያ ወይም ሌላ ተሳቢ እንስሳት የሚጠበቁበት ግቢ ባላችሁበት ወረዳ ሁሉ የሚከተሉት ነገሮች እንዲታዘዙ አሳስባለሁ።

1ኛ፤ በእያንዳንዱ መፈልፈያና ግቢ አንድ መዝገብ ይኑር፤ ገጹም በቍጥር የታተመ ይሁን፤ ከውስጡ ወረቀት እንዳይቀደድ።

2ኛ፤ ንባቡ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ማለት ከጧቱ በ12 ሰዓት፣ ከቀኑ በ8 ሰዓትና ከምሽቱ በ2 ሰዓት ይደረግ። ጧት የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ይጻፍ።

3ኛ፤ ከቍጥሩ ጎን ያነበበው ሰው ስሙን ይጻፍ፤ ያልተነበበበት ሰዓት ባዶውን ይተው እንጂ በግምት አይሞላ። ባዶ ስፍራ ነውር አይደለም፤ የፈጠራ ቍጥር ነው ነውሩ።

4ኛ፤ መብራት የጠፋበት፣ ዝናብ የገባበት፣ በር ተከፍቶ ያደረበት፣ እንስሳው ያልበላበት ቀን ሁሉ በአጭር ቃል ይመዝገብ።

5ኛ፤ መለኪያዎቹ በየሦስት ወሩ በበረዶና በጨው ይፈተኑ፤ የተገኘው ስሕተትም በመዝገቡ ይጻፍ። መለኪያ ቢሰበር ሆነ ብሎ ካልሰበረው በቀር ከጠባቂው ደመወዝ አይቈረጥ፤ ትርፍ መለኪያም በመሥሪያ ቤቱ ይቀመጥ።

6ኛ፤ የወረዳው ሹም ለጉብኝት ሲመጣ የአዞዎቹን ብዛት ከመጠየቁ በፊት መዝገቡን ይጠይቅ፤ ቢያንስ የአንድ ወር ገጽ አንብቦ ይፈርምበት። ጉብኝቱም ሁልጊዜ በቀትር አይሁን፤ አንዳንድ ጊዜ ጎሕ ሲቀድ ይሁን።

ከእነዚህ ስድስቱ ትልቁ ወጪ የሚጠይቀው ምንም የለም። የሚጠይቁት የሹሙን ጊዜና የሹሙን ትዕግሥት ነው። አዞ የማይረባበት ወረዳ ያላችሁም ይህ ለእኛ ምን ይሆነናል አትበሉ። የዶሮ መፈልፈያ፣ የእህል ጎተራ፣ የዘር ድንችና የክትባት መድኃኒት ማስቀመጫ ሁሉ የሚጠበቁት በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ቍጥራቸውም ወደ እኛ ወደ ጸሓፊዎቹ ይመጣል።

እኔም ከዚያ ጊዜ ወዲህ ልማዴን ለውጫለሁ። ከአንድ ስፍራ የማይነቃነቅ ቍጥር ሲመጣልኝ አላመሰግንም፤ መልሼ እጠይቃለሁ። ከፍና ዝቅ እያለ፣ አንዳንድ ስፍራ ባዶ እየተወ፣ በጭቃ ጣት የተነካ ወረቀት ሲመጣልኝ ግን በዚያ አንድ ሰው ነቅቶ እንደሚያድር አውቃለሁና ደስ ይለኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉና፤ ዛሬ በአንድ ገጽ የሚጻፈው እውነተኛ ቍጥር ከዐሥር ዓመት በኋላ በሐይቁና በግቢው የሚታየውን ጥፋት ያስቀራል። ከጎጆው ያነሣነውን አደራ በሕይወት ለማስረከብ ያብቃን።